ድንጋዩ በቅሎዋ ላይ ነው

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ መርካቶ

የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጥታ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳትሞላ «ስሜንን ሳላይ አልመለስም» አለች። እኔም ጎንደር ስንት ጊዜ ተመላልሼ ከደባርቅ ያለፍኩበት ቀን ስለሌለ ቶሎ እሺ አልኩ። ችግሩ እሷ ዕቃዋን ይዛ መምጣቷ ነው። እኔ ከቢሮ ጫማና ከአንድ ያረጀ ቦርሳ በቀር ለተራራ የሚሆን ነገር አልነበረኝም። ረቡዕ ከሰዓት ፈቃድ ወስጄ መርካቶ ወረድኩ።

ልብሱን ከሰልባጅ ሞላሁት። ይህን ያለ ሀፍረት እመክራለሁ። ላባ የተሞላ ጃኬት አዲሱን ልግዛ ቢሉ ደመወዝ ይበላል፤ ከቦንዳው ውስጥ ግን ዚፑ የሚሠራና ላባው ያልተጓጎለ ካገኙ ሥራውን ይሠራል። በእጅ ጨበጥ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ተመልሶ ከነፋ ነፍስ አለው። ከውስጥ የሚለበሰው ሱፍ ወይም ፖሊስተር ቢሆን ይሻላል። ጥጥ ላብ ከጠጣ በኋላ ቶሎ አይደርቅም፤ ቀን የጠጣውን ላብ ማታ በብርድ ያስከፍላል። ሰልባጅ ጫማ ግን አልገዛም። ላዩ አዲስ የመሰለ ጫማ ለዓመታት መጋዘን ተኝቶ ሙጫው ያረጅና ሶሉ መንገድ ላይ አፉን ይከፍታል። ጫማ አዲስ ገዛሁ፤ ነገ ቢሮ ሳይቀር አድርጌው እውላለሁ።

ባትሪው ላይ ነው የተሸወድኩት። ግንባር ላይ የሚታሰረውን ዓይነት ፈልጌ አንዱ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ካርቶኑን አዙሮ አሳየኝ፤ በትልቁ «1,000 ሉመን» ይላል፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ውስጡን ብከፍት ሦስት ቀጭን ድንጋይ ነው የሚጎርሰው፣ ለሪሞት የምንገዛውን ዓይነት። በሦስት ቀጭን ድንጋይ የሚሠራ መብራት ሦስትና አራት መቶ ሉመን ከሰጠ ጎበዝ ነው። ይህን እያወቅሁ ገዛሁት። ሻጩ የሱቁን መብራት አጥፍቶ ግድግዳው ላይ ሲያበራው ያንን ጠባብ ሱቅ ቀን አደረገው፤ እኔም ተማረክሁ። 500 ብሎ ጀምሮ በ350 ብር ተስማማን። ተጨማሪ አንድ ካርቶን ድንጋይም ያዝኩ።

ኅዳር 12፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደባርቅ

ኅዳር ሚካኤል ነው። ገና ሳይነጋ አዲስ አበባ በጭስ ታፍናለች፤ በየደጃፉ ቆሻሻ ተከምሮ ይጤሳል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ካረገፈ ወዲህ የቀረ ልማድ ነው። ኤርፖርት ስንደርስ ሁለታችንም ጭስ ጭስ እንሸታለን። ሊትየም ድንጋይ ያለው ሰው ትርፉን በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይዞ መግባት እንዳለበት የነገረችኝ እሷ ነች፤ የእሷ ባትሪ በሊትየም ነው የሚሠራው። የእኔ ተራው አልካላይን ስለሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

አንድ ሰዓት ያህል በረራ፣ ከዚያ ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና። ደባርቅ 2,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ማታ ሽሮ በልተን ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ዕቃ ስናስተካክል የሁለታችንን ባትሪ አልጋ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የእሷ ፔትዝል የሚባል ስሪት ነው፣ ትንሽ፣ ከእኔው ግማሽ የማይከብድ። «ሉመኑ ስንት ነው?» አልኳት። «ረሳሁት» አለችኝ። ከዚያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭና ቆለፈችው። ከዚያ በኋላ ቢጫኑትም አይበራም።

«ለምንድን ነው የሚቆለፈው?»

«ቦርሳ ውስጥ በራሱ እንዳይበራ።»

የእኔን አየሁት። ቁልፉ እንደ ጎማ ኳስ ያበጠ ነው፤ መቆለፊያ የሚባል ነገር የለውም። ነገሩ ተራ መስሎኝ ተኛሁ።

ኅዳር 13፣ ከሳንቃበር ወደ ግጭ

ዛሬ መንገዱ በቀን የሚያልቅ ነበር። ከሳንቃበር ካምፕ ግጭ ካምፕ ደህና ተራማጅ በአምስት በስድስት ሰዓት ይገባል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከደባርቅ ብንነሳ ኖሮ ማታ ስለ መብራት የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር። ግን መኪናው ጎማው ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማውም ነፋስ አልነበረውም። መዝገብ መፈረሙ፣ ስካውት (የፓርኩ አጃቢ ጠባቂ) መመደቡ፣ የበቅሎ ነጂው ከገበያ እስኪመጣ መጠበቁ ተጨመረና ሳንቃበር ላይ እግራችንን ያነሳነው ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ነው። አንድ ሰው «ነገ ብትሄዱስ?» አለን። የሳንቃበርን 3,250 ሜትር ከፍታ ሳይሰማን ቀርቶ «እንደርሳለን» አልን።

ስካውቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ክላሽ በትከሻ፣ ጋቢ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ። እኛ ሁለታችን ጫማችንን፣ ዱላችንን፣ ጃኬታችንን ተሸክመን ከኋላ እናለከልካለን። «ጋሼ፣ ቀስ በሉ» ስንላቸው ይቆሙና እስክንደርስ ሰማዩን ያያሉ። አሁን ሳስበው ሰማዩን ሳይሆን ፀሐይዋን ነበር የሚያዩት።

መንገዱ ገደሉን ታክኮ ይሄዳል። አስታ የሚባለው ዛፍ መሐል ሲያልፉ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ዞር ብለው እንኳ አያዩም። የጅንባር ወንዝ ወደ ጥልቁ የሚወረወርበትን ለማየት ከመንገድ ወጣ ብለን ሃያ ደቂቃ አጠፋን፤ እሷ ፎቶ ስታነሳ አርባ ሆነ። አልቆጭበትም። ጅንባርን በድንጋይ ድንጋይ ተረማምደን ስንሻገር ግን 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወገግታው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው። አውሮፓ በበጋ የሄደ ሰው ምሽቱ የሚራዘም ይመስለዋል፤ እዚህ መጋረጃ እንደተሳበ ነው። ወንዙን ተሻግሬ የጫማዬን ክር አሠርኩ፤ ቀና ስል የፊት ለፊቱ ዳገት ቅርፁ ጠፍቶ ጥቁር ግድግዳ ሆኗል።

ባትሪዬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሞቆ አገኘሁት። ሙቀቱ ገና ከእጄ ሳይወጣ ነገሩ ገባኝ። ያ ያበጠ ቁልፍ ከውኃ መያዣዬ ጋር ሲጋፋ ውሎ ማን ያውቃል ከስንት ሰዓት ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ሲበራ ነበር። አሁን የሚወጣው ብርሃን የሻማ ያህል ቢጫ ነው። ሺህ ሉመን የተባለው!

«ድንጋይ ቀይረው» አለች የአክስቴ ልጅ።

ካርቶኑን ጠዋት ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ትልቁ ሻንጣ በበቅሎዋ ላይ ነው። በቅሎዋ ከእኛ ሁለት ሰዓት ቀድማ ሄዳለች።

ስካውቱ ቆመው ሲጠብቁን «መብራት የላችሁም እንዴ?» አሉ።

«ድንጋዩ በቅሎዋ ላይ ነው» አልኩ።

ትንሽ ዝም አሉ። «በሉ እግሬን እያያችሁ ኑ።»

የእሷ ባትሪ ለሦስት ሰው ሆነ። ስካውቱ ከፊት፣ እኔ መሐል፣ እሷ ከኋላ። ከኋላ የሚመጣው ብርሃን የእኔን ጥላ ከፊት ለፊቴ ይጥልና እግሬን የማሳርፍበት ድንጋይ ይጠፋኛል። ቦታ ተቀያየርን። አሁን ደግሞ እሷ ከእኔ ጋር ለማውራት ዞር ባለች ቁጥር መብራቱ ዓይኔ ውስጥ ይገባና ለብዙ ደቂቃ እታወራለሁ። ዓይን ጨለማን ለመላመድ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ብልጭታ ሁሉንም ያፈርሰዋል። ተጣላን ብል ይቀላል። በመጨረሻ ቀዩን መብራት አበራችው። ቀይ ብርሃን ዓይንን ያን ያህል አይነካም፤ ሩቅ ግን አያሳይም። እግር ሥር ያለውን ካሳየን ይበቃናል ብለን ቀጠልን።

ዳገቱ ሲያልቅ መሬቱ ተደላደለ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የድንጋይ አጥር ይታየኝ ጀመር፤ አጥር አለ፣ ቤት የለም። ግጭ መንደር ነው። ነዋሪዎቹ፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተነስተዋል። ግጦሹና እርሻው ለዋልያው ቦታ አሳጣ ተብሎ ነበር። በዓመቱ ፓርኩ ከዩኔስኮ «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ወጣ፤ ከገባ ሃያ ዓመት ተቆጥሮ ነበር። ይህን ከጋዜጣ ነው የማውቀው። ቀን ላይ ቢሆን ፎቶ አንስቼ የማልፈው ቦታ ነበር።

ስካውቱ ቆሙ። «አሁን አጥፊው» አሏት።

አጠፋችው። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ቀስ እያለ መንገዱ ከሣሩ ነጣ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ የአጥሩ ጫፍ፣ ከዚያ ከዋክብቱ። ጨረቃ የለም፤ ወሩ ሊጠፋ ነው። ስካውቱ ክላሻቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩና ወደ አንዱ አጥር በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ያቺ የኛ ነበረች። ደጁ በዚህ በኩል ነው።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። «አሁን ደባርቅ ነዎት?» ብቻ አልኩ።

«አዎን። ቆርቆሮ ነው ቤቱ። መብራት አለው።» ከዚያ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ካምፑ ባትሪ አላስፈለገንም። እሳቸው የት ጋ ጉድጓድ እንዳለ፣ የት ጋ ውኃ እንደሚያቋርጥ እግራቸው ያውቃል፤ እኛ የጋቢያቸውን ነጭ ነበር የምንከተለው።

ካምፑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች ከጓሳው ሣር ውስጥ አፈጠጡብን። የአክስቴ ልጅ ጮኸች። ባትሪው ወደ ሙሉ ብርሃን ሲቀየር ዓይኖቹ ከፍ አሉ፤ በላያቸው ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ታዩ። የገዛ በቅሏችን ነች። ነጂው ስንዘገይበት ሊቀበለን ይዟት ወጥቶ ኖሯል። ሻንጣዬ አሁንም ጀርባዋ ላይ ነው።

ኅዳር 14፣ እሜት ጎጎና ጨነቅ

ስለዛሬ ብዙ አልጽፍም፤ ስለ እሜት ጎጎ ብዙ ሰው ጽፏል፣ ሁሉም ልክ ነው። 3,926 ሜትር ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያዩ እግር ይላላል። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች መሐል ስንሄድ የከሰሉ የአስታ ጉቶዎች አየሁ፤ ያለፈው ሚያዝያ ፓርኩ ሲቃጠል ከእስራኤል ሳይቀር የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው እንደነበር ያስታወሱን ስካውቱ ናቸው። ጨነቅ (3,620 ሜትር) ከ10 ሰዓት በፊት ገባን። ከጎማው ቀን ወዲህ ቀድመን የደረስንበት ይህ ብቻ ነው።

ማታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን ሻይ ስንጠጣ ሁለት ነገር ተማርኩ። የመጀመሪያው የወጥ ሠሪው ነው። ውኃ የሞላ ሃይላንድ ጠረጴዛ ላይ አቆመና የግንባር ባትሪውን መብራቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ጠርሙሱ ላይ አሠረው። ብርሃኑ ውኃው ውስጥ ተበትኖ ክፍሉን ሁሉ አለሰለሰው፤ ማንም ማንንም አያሳውርም። እንዲህ ያለ ፋኖስ በብዙ ብር ይሸጣል።

ሁለተኛው የአክስቴ ልጅ ነው። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር እንዴት እንደሚለካ እንዲህ ገለጸችልኝ። ኤፍ ኤል 1 የሚባል መለኪያ አለ። «200 ሰዓት ይቆያል» ሲባል ብርሃኑ ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው እንጂ እስከ መጨረሻው እንደ መጀመሪያው ያበራል ማለት አይደለም። «80 ሜትር ያሳያል» የሚባለውም ብርሃኑ ጥርት ባለ ምሽት ሙሉ ጨረቃ ከምታበራው ያህል እስኪቀንስ ያለው ርቀት ነው። ይህን ስሰማ ትናንት መንደሩ ውስጥ በከዋክብት ብቻ መሄዳችን ትዝ አለኝ። በእኔ ካርቶን ላይ መለኪያ የሚባል የለም። «1,000» ብቻ።

አንድ ሌላም ነገር አለች፦ ግንባር ላይ የታሰረ መብራት ከዓይን ጋር በአንድ መስመር ስለሆነ ጥላውን አያሳይም፣ መሬቱ ለጥ ያለ ይመስላል። ቁልቁለት ላይ ከግንባር አውልቆ ወገብ አካባቢ መያዝ ነው። ያኔ ድንጋዩ ሁሉ ጥላ ይጥልና ጉድጓዱ ጉድጓድ ይመስላል። ለምን ትናንት አልነገርሽኝም አልኳት። «ትናንት ስትጮህብኝ ነበር» አለች።

ስንተኛ የፈላ ውኃ ሃይላንድ ውስጥ ሞልተን በካልሲ ጠቅልለን የመኝታ ከረጢታችን ውስጥ ይዘን ገባን። ባትሪውንም አብሬ ይዤው ተኛሁ። ይህን ማድረጌ ብቻ ነው ከትናንት የተማርኩት የሚመስለው።

ኅዳር 15፣ ቧሂት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ቧሂት 4,430 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጨነቅ 800 ሜትር ሽቅብ። ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣለች፣ ከዚያ በፊት ጫፍ ለመድረስ ነው። ውጭ የቀረው የውኃ ጀሪካን ላዩ በረዶ ሠርቷል።

ዛሬ ሁላችንም መብራት አለን። አዲስ ድንጋይ የጎረሰው የእኔ ባትሪ እንደ መርካቶው ሱቅ ተራራውን አበራው። የመጀመሪያውን ሰዓት እኔ ነበርኩ ከፊት፤ ኮራሁ። ከዚያ ነፋሱ መጣ። ሸንተረሩ ላይ ስንወጣ ብርሃኔ መክሳት ጀመረ፤ ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካን፣ ከዚያ ብልጭ ድርግም። አልካላይን ብርድ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የእሷ ሊትየም ግን ንቅንቅ አላለም።

ተቀምጬ ልቀይር ጓንቴን አወለቅሁ። ጣቶቼ የእኔ አልመስል አሉ። ክዳኑን በጥፍሬ ስከፍት አንዷ ድንጋይ አመለጠችና በቋጥኞቹ መሐል ቁልቁል ወረደች፤ ድምፅዋ አሥር ጊዜ ያህል ተሰማኝ። ደግነቱ ኪሴ ውስጥ ካርቶኑ ነበር። አዲሶቹም ውጪኛው ኪስ ውስጥ ስለዋሉ እንደ በረዶ ነበሩ፤ ሲገቡ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ነው የሰጡኝ። ስካውቱ ሲያዩኝ ቆይተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሦስቱን ድንጋይ ተቀብለው ጋቢያቸው ሥር፣ ብብታቸው ውስጥ ከተቷቸው። አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለን ተቀመጥን። ሲመልሱልኝ ሞቀው ነበር፤ መብራቱም ነጭ ሆኖ በራ።

«ሬዲዮኑንም እንዲህ ነው የምናደርገው» አሉ።

ወደ 11 ሰዓት ተኩል ክር የመሰለች ጨረቃ በምሥራቅ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ሰማዩ እየሳሳ ሄደ። ሁላችንም ባንነጋገርም አንድ በአንድ መብራታችንን አጠፋን። ጫፍ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ፊት ለፊት፣ ከመሸሃ ሸለቆ ማዶ፣ ራስ ዳሸን ጀርባውን ወዲህ ሰጥቶ ተኝቷል፤ 4,533 ሜትር ነው ብለው ካልነገሩን ከእኛው ቦታ ብዙ የሚበልጥ አይመስልም። ብርሃኑ መጀመሪያ የነካው እሱን ነው። ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ራስ ምታቷን ረስታ የምትስቅበትን ፊቷን አየሁ።

ብስኩት አውጥቼ ለስካውቱ ብሰጥ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ብስኩቱ ወተት አለው። ቆሎ ብሰጣቸው ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። «ሰዓቱ ሲደርስ።»

ቁልቁለቱን በቀን ብርሃን ስንወርድ ሌሊት የረገጥነውን አየሁት። ከመንገዱ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ ገደል አለ። ሌሊት ባየው ኖሮ አልወጣም ነበር፤ የባትሪዬ መድከም የጠቀመኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ደባርቅ ላይ ስንለያይ የአክስቴ ልጅ ባትሪዋን ለስካውቱ ሰጠቻቸው። አገላብጠው አዩትና ቁልፉን ተጫኑ፤ ነጭ፣ ከዚያ ቀይ። ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ቆለፉት፣ ደግመው ተጫኑት፣ አልበራም። ማንም አላሳያቸውም፤ ሌሊት እሷ ስታደርገው አይተው ነው።

«ለልጆቹ ይሆናል፤ እዚያ መብራት ይጠፋል» አሉ።

ኅዳር 18፣ መርካቶ

የእኔን ባትሪ ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ገንዘቤን ለማስመለስ ሳይሆን ቁጭቴን ለመናገር ነው መሰለኝ። ሻጩ አወቀኝ። ቦርሳ ውስጥ በራሱ እንደበራ፣ ብርድ ላይ እንደከዳኝ፣ ሺህ ሉመን የሚባል ነገር እንደሌለበት አንድ በአንድ ነገርኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያ ባትሪውን ተቀብሎ አዲስ ድንጋይ ከተተበትና የሱቁን መብራት አጥፍቶ ግድግዳው ላይ አበራው።

«ይኸው! ምን ሆነ?»

«ተራራ ላይ ነዋ፣ ሌሊት።»

«ሌሊት ተራራ ላይ ምን ልትሠራ ወጣህ?»